የሽምብጡ ቤትና ከዳላስ የሚላከው ውክልና

ጥያቄ

ይድረስ ለሕግ ዓምድ አዘጋጅ፤

ተወልጄ ያደግሁት ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ ነው። አሁን የምኖረው አሜሪካ ውስጥ በቴክሳስ ግዛት፣ ዳላስ ሲሆን ዜግነት ወስጃለሁ፤ የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ የሆነው ቢጫ ካርድም አለኝ። አባታችን ካረፉ ሁለት ዓመት አለፈ። እኔና ታናሽ ወንድሜ በፍርድ ቤት የወራሽነት ማስረጃ አውጥተናል፤ የቤቱ ካርታ ግን ዛሬም በአባታችን ስም ነው። እናታችን እግራቸውን ስለሚያማቸው ዘጌ፣ እህታቸው ዘንድ ገብተዋል። እዚያ ከወላጆቻቸው የደረሳቸው የቡና ቦታ አላቸው። ማንበብና መጻፍ አይችሉም።

ወንድሜ ስም ለማዛወር፣ ቤቱን ለማከራየት፣ ወደፊትም ጥሩ ዋጋ ከተገኘ ለመሸጥ «ሙሉ ውክልና ላኪልኝ» ይለኛል። ወንድሜን አምነዋለሁ፤ የቸገረኝ መንገዱ ነው። ከዳላስ ዋሽንግተን ደርሶ ለመመለስ ከሥራ ፈቃድ ማግኘት ከባድ ነው። በስልኬ ደግሞ በቪዲዮ፣ ሩብ ሰዓት በማይሞላ ጊዜ ሰነድ እናረጋግጣለን የሚሉ ኖተሪዎች ማስታወቂያ በየቀኑ ይመጣልኛል። ጓደኛዬ «በዚያ አድርጊውና ፒዲኤፉን በቴሌግራም ላኪለት» አለችኝ።

ጥያቄዬ ሦስት ነው። በቪዲዮ የተረጋገጠ ውክልና ባሕር ዳር ላይ ይሠራል ወይ? «ሙሉ ውክልና» ስል ምን እየሰጠሁ ነው፣ ምን ተብሎስ ይጻፍ? እናቴስ ከዘጌ ሳይወጡ በራሳቸው ድርሻ ላይ ለወንድሜ ውክልና መስጠት ይችላሉ?

ስሜ ይቆይ፤ ከዳላስ

መልስ

እህታችን፣ አጭሩ መልስ ይቅደም። በቪዲዮ የተረጋገጠ ሰነድ በቴሌግራም ስለተላከ ብቻ ባሕር ዳር ላይ ስም አያዛውርም፣ ቤትም አያሸጥም። የቪዲዮው ማረጋገጫ ዋጋ የለውም ማለት ግን አይደለም፤ የረጅም መንገድ የመጀመሪያ እርምጃ ሊሆን ይችላል። ሰው ውክልና ሲያስብ የሚጨነቀው የትና እንዴት እንደሚፈርም ነው። የውክልናው ዕጣ የሚወሰነው ግን ሰነዱ በሚቀርብበት መስኮት ላይ ነው። ስለዚህ ከባሕር ዳሩ መስኮት እንነሳና ወደ ዳላስ እንመለስ።

መስኮቱ የሚጠይቀው

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በአንቀጽ 2199 ውክልናን እንደ ውል ያየዋል። ተወካዩ በወካዩ ስም አንድ ወይም ብዙ ሕጋዊ ሥራዎችን ለመፈጸም ይስማማል። ተወካዩ የሚፈጽመው ውል በሕግ የተለየ አጻጻፍና ሥርዓት የታዘዘለት ከሆነ ውክልናውም በዚያው ሥርዓት መሰጠት እንዳለበት አንቀጽ 2180 ያዛል። የማይንቀሳቀስ ንብረት ባለቤትነትን የሚያስተላልፍ ውል ደግሞ፣ በአንቀጽ 1723 መሠረት፣ በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው አካል ዘንድ መመዝገብ አለበት። ሁለቱን አንቀጾች አንድ ላይ ካነበብናቸው፣ ቤት የሚሸጥበት ውክልና በተራ ወረቀት ላይ ተፈርሞ፣ በፎቶ ተነሥቶ የሚላክ ነገር እንዳልሆነ ግልጽ ነው። የሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 922/2008ም መረጋገጥና መመዝገብ ካለባቸው ሰነዶች መካከል ውክልና የሚሰጥበትንና የሚሻርበትን ሰነድ አስቀምጧል።

በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ይህን ሥራ የሚሠራው ሕዝቡ «ውልና ማስረጃ» የሚለው የፌዴራል መሥሪያ ቤት ነው። በክልሎች ሥራው የየክልሉ ሰነድ አረጋጋጭ አካል ነው። በየትኛውም መስኮት የኢትዮጵያ ሰነድ አረጋጋጭ ፊርማ አይቶ ማኅተም በመምታት ብቻ አይሰናበትም። ፈራሚው ማን እንደሆነ፣ ለመፈረም ችሎታ እንዳለው፣ በንብረቱ ላይ መብት እንዳለው፣ ሰነዱም ከሕግ ጋር እንደማይጋጭ የማየት ኃላፊነት አለበት።

የአሜሪካው ኖተሪ ሥራ ከዚህ በጣም የጠበበ ነው። የፈረመችው መታወቂያው ላይ ያለችው ሴት መሆኗንና በፈቃዷ መፈረሟን ይመሰክራል። ብዙውን ጊዜ የሕግ ባለሙያ አይደለም፤ የሽምብጡን ቤት ካርታ አይጠይቅም፤ አማርኛ ካላወቀም የሰነዱን ይዘት አያነብም። ስለዚህ የእሱ ማኅተም እውነተኛ ቢሆንም የሚናገረው ጥቂት ነው። ባሕር ዳር ያለው ባለሙያ ያንን ማኅተም አይቶ «ይህ ሰው በእርግጥ ኖተሪ ነው? ማን ሾመው? ማንስ ያውቀዋል?» ቢል ጥያቄው ተገቢ ነው። የወላጆችዎ ቤት በአንድ ወረቀት ከቤተሰቡ እጅ ሊወጣ ስለሚችል እንዲህ ያለው ጥንቃቄ የሚጠብቀው እርስዎኑ ነው።

በቪዲዮ ማረጋገጥና የማኅተሞቹ ሰንሰለት

በርቀት ማረጋገጥ ራሱ ሕጋዊ አሠራር ነው። ከአሜሪካ ግዛቶች ቀድማ የፈቀደችው ቨርጂኒያ ናት፤ ሕጓ ሥራ ላይ የዋለው በ2012 እ.ኤ.አ. ነው። እርስዎ ያሉባት ቴክሳስ በ2018 እ.ኤ.አ. ተከተለች። በ2020 እ.ኤ.አ. የኮሮና ወረርሽኝ ቢሮዎችን ሲዘጋ ደግሞ አብዛኞቹ ግዛቶች በሩን ከፈቱ። ፈራሚዋ መታወቂያዋን በካሜራ ታሳያለች፤ ማንነቷን ለማጣራት ከግል ታሪኳ የተውጣጡ ጥያቄዎችን ትመልሳለች፤ በቪዲዮ ከኖተሪው ጋር እየተያየች ትፈርማለች። ኖተሪው የኤሌክትሮኒክ ማኅተሙን ያሳርፋል፤ ቅጂው ለዓመታት ይቀመጣል። በአሜሪካ ውስጥ ላለ ጉዳይ ይህ በቂና አስተማማኝ ነው።

ሰነዱ ድንበር ሲሻገር ግን የአንዱን አገር ማኅተም ለሌላው አገር የሚያስተዋውቅ አካል ያስፈልጋል። ለዚህ ሲባል በ1961 እ.ኤ.አ. በሄግ የተፈረመው ስምምነት አፖስቲል የሚባል አንድ ወጥ ምስክር ወረቀት ፈጠረ። በአባል አገሮች መካከል ያ አንድ ወረቀት ይበቃል። ኢትዮጵያ ከዚህ ሥርዓት ውጭ ሆና ስለኖረች የእኛ ሰነዶች የሚሄዱት በአሮጌው መንገድ፣ በማኅተም ላይ ማኅተም እየተጨመረ ነው። ማስታወቂያው ላይ «አፖስቲል እንጨምራለን» የሚል ካዩ ያ ምስክር ወረቀት ለአባል አገሮች የተዘጋጀ መሆኑን አይርሱ፤ ለኢትዮጵያ የሚጠየቀው የማረጋገጫ ምስክር ወረቀት ሌላ ነው።

ሰንሰለቱ እንዲህ ይሄዳል። መጀመሪያ ኖተሪው ያረጋግጣል። ቀጥሎ ኖተሪውን የሾመችው ግዛት ጸሐፊ ጽሕፈት ቤት «ይህ ሰው በእርግጥ የኛ ኖተሪ ነው» ይላል። ከዚያ ዋሽንግተን ያለው የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት የግዛቲቱን ማኅተም ያረጋግጣል። ከዚያ እዚያው ከተማ ያለው የኢትዮጵያ ኤምባሲ ይቀበለዋል። ሰነዱ አገር ቤት ሲደርስ ደግሞ የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር የኤምባሲውን ማኅተም ያረጋግጣል፤ ወንድምዎ ወደ ባሕር ዳሩ መስኮት የሚሄደው ከዚህ በኋላ ነው። እያንዳንዱ ደረጃ የሚመሰክረው ከእሱ በፊት ላለው ማኅተም ብቻ ነው። አንዱ ከተዘለለ ቀጣዩ የሚመሰክርለት ነገር አያገኝም።

በርቀት የሚፈርሙ ሰዎች የሚጠለፉበት ድብቅ እንቅፋት እዚህ ላይ አለ። እርስዎ ዳላስ ተቀምጠው ሲፈርሙ በቪዲዮው ማዶ ያለው ኖተሪ በቨርጂኒያ ወይም በፍሎሪዳ የተሾመ ሊሆን ይችላል። ያን ጊዜ ሰነዱን ማረጋገጥ የሚችለው የሾመው ግዛት ነው። ወረቀቱን በቴክሳስ ዋና ከተማ ኦስቲን ወዳለው የግዛት ጸሐፊ ቢልኩት ይመለስብዎታል። በተጨማሪ ሰነዱ የተወለደው በኤሌክትሮኒክ ስለሆነ ታትሞ በወረቀት ሲቀርብ እያንዳንዱ መሥሪያ ቤት ይቀበለው እንደሆነ፣ ከቀረበም ኖተሪው ቅጂው ትክክለኛ መሆኑን እንዴት ማረጋገጥ እንዳለበት አስቀድሞ መጠየቅ ያስፈልጋል። ስለዚህ በቪዲዮ ከመፈረምዎ በፊት ሁለት ጥያቄ ይጠይቁ፤ ኖተሪው በየትኛው ግዛት ተሾመ? የዚያ ግዛት ጸሐፊና ኤምባሲው ታትሞ የመጣ የኤሌክትሮኒክ ሰነድ ይቀበላሉ ወይ? መልሱ ካላረካዎት በሰፈርዎ ወዳለ የቴክሳስ ኖተሪ በአካል ሄደው በእስክርቢቶ መፈረም ይሻላል። ባንኮችና የፖስታ አገልግሎት ሰጪ ሱቆች ብዙዎቹ ኖተሪ አላቸው፤ የሚቆጥቡት ጊዜ ከቪዲዮው ብዙም አያንስም።

ከዚህ ሁሉ የሚቀልለው ግን በኢትዮጵያ ቆንስላ ባለሙያ ፊት መፈረም ነው። እዚያ ሲፈርሙ የኖተሪው፣ የግዛቲቱና የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ማኅተሞች ሁሉ ይቀራሉ፤ ከሀገር ውጭ ኢትዮጵያን ወክሎ የሚያረጋግጠው ቆንስላው ራሱ ነውና። ሰነዱም ከመነሻው በአማርኛ ተጽፎ፣ አማርኛ በሚያነብ ሰው ታይቶ ይወጣል። ለዚህ ዋሽንግተን መድረስ ግድ ላይሆን ይችላል። በሎስ አንጀለስ ቆንስላ ጽሕፈት ቤት አለ፤ ከዚህም በላይ የኤምባሲው ባለሙያዎች አልፎ አልፎ ኢትዮጵያውያን ወደሚበዙባቸው ከተሞች ወጥተው ተንቀሳቃሽ አገልግሎት ይሰጣሉ። የዳላስ የኢትዮጵያውያን ማኅበረሰብ ብዙ ስለሆነ የኤምባሲውን ማስታወቂያና የቤተ ክርስቲያናችሁን፣ የመስጊዳችሁን ወይም የማኅበራችሁን መልእክት ይከታተሉ። ጉዳዩ ካልቸኮለ ያን ቀን መጠበቅ የምመክረው የመጀመሪያ መንገድ ነው።

በጂዳ፣ በዱባይና በቤይሩት ለምትገኙ እህቶችና ወንድሞችም ይኸው ምክር ይሠራል። ቆንስላ ባለበት ከተማ ያለ ሰው፣ በተለይ በሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራ እህት፣ በወጣችበት አንድ ቀን ቆንስላ ደርሳ ብትፈርም፣ «ውክልና እናስፈጽማለን» ለሚል ደላላ ገንዘብ ከመክፈል ትድናለች።

ወደየትኛውም ሲሄዱ ፓስፖርትዎን፣ ቢጫ ካርድዎን፣ የወራሽነት ማስረጃውን ቅጂና የካርታውን ቅጂ ይዘው ይሂዱ። የተወካዩን ስም እስከ አያት፣ አድራሻውንና የመታወቂያ ቁጥሩን በትክክል ይጻፉ። የእርስዎም ስም ቢሆን በአሜሪካ ፓስፖርትዎ ላይ ያለው፣ በወራሽነት ማስረጃው ላይ ያለውና በቢጫ ካርዱ ላይ ያለው አንድ መሆኑን ያረጋግጡ። የአያት ስም መዝለል ወይም የባል ስም መያዝ ብቻውን ጉዳይን ለወራት ሊያቆም ይችላል። ቢጫ ካርዱ ደግሞ ለማንነት ብቻ የሚያገለግል አይደለም። ትውልደ ኢትዮጵያዊ የሆኑ የውጭ ዜጎች በኢትዮጵያ የማይንቀሳቀስ ንብረት ባለቤት መሆን እንዲችሉ የፈቀደው አዋጅ ቁጥር 270/1994 ስለሆነ፣ ስም ለማዛወር መሠረትዎ እሱ ነው።

«ሙሉ ውክልና» ስንል ምን እንሰጣለን?

ወደ ሁለተኛው ጥያቄዎ ልምጣ፤ ከመንገዱ ይልቅ የሚያሳስበኝ ይህኛው ነው። ሰዎች «ሙሉ ውክልና» ሲሉ ሁሉንም ነገር የሚያስችል ሰነድ ማለታቸው ነው። ሕጉ ግን እንዲህ አያየውም። አንቀጽ 2203 በጠቅላላ አነጋገር የተሰጠ ውክልና ለተወካዩ የአስተዳደር ሥራ ብቻ እንደሚያስችል ይደነግጋል። የአስተዳደር ሥራ ምን እንደሆነ ደግሞ አንቀጽ 2204 ይዘረዝራል፤ ንብረትን መጠበቅና መንከባከብ፣ ከሦስት ዓመት ለማይበልጥ ጊዜ ማከራየት፣ ዕዳ መሰብሰብና መክፈል፣ የተመረተን ሰብል መሸጥ። ቤት መሸጥ፣ ቤት አስይዞ መበደር፣ ስጦታ መስጠት፣ በግልግል ዳኝነት መስማማት፣ ክስ ማቅረብና መከራከር ግን በአንቀጽ 2205 መሠረት ልዩ ውክልና ይፈልጋሉ። በሰነዱ ላይ በስማቸው ካልተጻፉ የሉም።

ስለዚህ «ስለ እኔ ሆኖ ማንኛውንም ሥራ እንዲሠራ» የሚል አንድ ረጅም ዐረፍተ ነገር ሁለት ጉዳት አለው። መሸጥ ሲያስፈልግ ሥልጣኑ በስሙ ስላልተጻፈ መስኮቱ ይመልሰዋል። ዝርዝሩ ሁሉ ተጨምሮ ሲጻፍ ደግሞ ለዛሬ የማያስፈልግ ሥልጣን ለዓመታት በሰው እጅ ይቀመጣል። «ለመሸጥ፣ ለመለወጥ፣ ለማስያዝ፣ ለመስጠት» የሚሉት ተከታታይ ግሦች ከድሮ ውክልና እየተገለበጡ የሚዘልቁ ናቸው። እያንዳንዱ ግሥ ግን ለብቻው አንድ በር ነው፤ የማይፈልጉትን በር አይክፈቱ።

የእኔ ምክር በሁለት ሰነድ እንዲከፍሉት ነው። የመጀመሪያው ዛሬ የሚላከው ይሆናል። ወንድምዎ በስምዎ የወራሽነት ማስረጃውን ይዞ በባሕር ዳር ከተማ አስተዳደር የሚመለከተው ክፍል እንዲቀርብ፣ ስም እንዲያዛውር፣ ግብር እንዲከፍል፣ ካርታ እንዲያወጣና እንዲቀበል፣ ቤቱን ከሦስት ዓመት ለማይበልጥ ጊዜ እንዲያከራይ፣ ኪራዩን በስምዎ በተከፈተ የባንክ ሂሳብ ገቢ እንዲያደርግ የሚያስችል ነው። የቤቱን አድራሻና የካርታ ቁጥር ይጥቀስ። ሌላ ሰው መወከል እንደማይችል ይጻፍበት። ተከራይ ቢያስቸግር ክስ ማቅረብ እንዲችል ከፈለጉ ደግሞ «በፍርድ ቤት ለመክሰስ፣ ለመከራከር» የሚለው በግልጽ ይጨመር። የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 58 ወንድም ክፍያ ሳይቀበል ለወንድም ወይም ለእህት መቆም እንዲችል ስለሚፈቅድ፣ ለቀላል ጉዳይ የግድ ጠበቃ አይፈልጉም።

ሁለተኛው ሰነድ የሽያጩ ነው፤ ይህ ገዢና ዋጋ ሲታወቅ የሚላክ ይሁን። ቤቱ የቱ እንደሆነ፣ የእርስዎ ድርሻ ምን ያህል እንደሆነ፣ ከስንት ብር በታች መሸጥ እንደማይቻል፣ ገንዘቡ በየትኛው ባንክ፣ በየትኛው ሂሳብ እንደሚገባ ይጻፍበት። በዓመት ወይም በስድስት ወር ጊዜ እንዲያበቃ የማብቂያ ቀን ያስቀምጡ። ሁለት ጊዜ መመላለሱ ያደክማል፤ ነገር ግን ለአንድ ዓመት የምታገለግል አንዲት ጠባብ ወረቀት ያለ ገደብ ከተሰጠች ሰፊ ወረቀት ትሻላለች።

ወንድምም ተወካይም ሲሆን

«ወንድሜን አምነዋለሁ» ብለዋል። እምነትዎን አልነካም፤ እንዲያውም ሰነዱ ያንን እምነት እንዲጠብቀው ነው የምፈልገው። ወንድምዎ ግን ተወካይዎ ብቻ አይደለም፤ በዚያው ቤት ላይ አብሮ ወራሽዎ ነው። ቤቱ በጋብቻ ውስጥ የተፈራ ከሆነ ግማሹ ከመነሻው የእናታችሁ ነው። አባታችሁ ኑዛዜ ካልተዉና ሌላ ልጅ ከሌላቸው የቀረው ግማሽ ለእርስዎና ለወንድምዎ እኩል ይደርሳል። የእርስዎ ድርሻ ሩብ ነው ማለት ነው። የሦስታችሁ ድርሻ በካርታው ላይ በግልጽ ሳይሰፍር ሽያጭ መጀመር የለበትም።

ወንድምዎ የእርስዎን ሩብ ራሱ ሊገዛ ቢያስብ፣ በእርስዎ ስም ሻጭ፣ በራሱ ስም ገዢ ይሆናል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ የተወካይና የወካይ ጥቅም ሲጋጭ ወይም ተወካዩ ከራሱ ጋር ሲዋዋል ወካዩ ውሉ እንዲፈርስ መጠየቅ እንደሚችል በአንቀጽ 2187ና 2188 ያስቀመጠው ለዚህ ነው። ስለዚህ ድርሻዎን ለእሱ መሸጥ ወይም በክፍፍሉ ላይ ከእሱ ጋር መዋዋል ከመጣ ለዚያ ጉዳይ ሌላ ሰው ይወክሉ፤ ጠበቃ ወይም ከሁለታችሁም ወገን የማያዳላ ዘመድ ሊሆን ይችላል። ይህን ለወንድምዎ ሲነግሩት ጥርጣሬ እንዳይመስለው፣ ነገ ማንም ወገን «አታለለችኝ» ወይም «አታለለኝ» እንዳይል ለሁለታችሁም የሚበጅ መሆኑን ይግለጹለት። በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል።

እናትዎ ከዘጌ

እናትዎ ማንበብና መጻፍ አለመቻላቸው ውክልና ከመስጠት አያግዳቸውም። የሚያስፈልጋቸው ጥበቃ ግን ከእርስዎ የበለጠ ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1728 ማንበብ የማይችል ሰው የጣት አሻራ፣ ሥልጣን ባለው ሰነድ አረጋጋጭ ወይም ዳኛ ካልተረጋገጠ እንደማያስገድደው ይደነግጋል። ስለዚህ ወንድምዎ በቤት ውስጥ አሻራቸውን በወረቀት ላይ አሳርፎ ቢሄድ ሰነዱ አይረባም። ባለሙያው ሰነዱን በቃል ሊያነብላቸው፣ ምን እንደሚሰጡ መረዳታቸውን ሊጠይቃቸው፣ ፈቃዳቸውን ከራሳቸው አንደበት ሊሰማ ይገባል። ሲነበብላቸው ወንድምዎ ከክፍሉ ወጣ ቢል ጥሩ ነው።

እናትዎ እግራቸው አላራምድ ካላቸው በጀልባም ሆነ በመኪና ባሕር ዳር ለመምጣት መሠቃየት የለባቸውም። ለታማሚና ለአረጋዊ ሰነድ አረጋጋጭ ከቢሮው ወጥቶ የሚያገለግልበት አሠራር አለ። ወንድምዎ የሕክምና ማስረጃ አያይዞ ለቢሮው ማመልከቻ ያቅርብ፤ ቀን ይቀጠርለት። በቪዲዮ ከማረጋገጥ ይልቅ ለእናትዎ የሚስማማው የርቀት አገልግሎት ይህ ነው፤ ባለሙያው ራሱ ርቀቱን አቋርጦ ዘጌ ይደርስላቸዋል።

የእናትዎ ውክልናም በልክ ይጻፍ። የሽምብጡ ቤት ግማሽ ድርሻቸውን የሚመለከተው ለብቻ፣ የዘጌው ቡና ለብቻ ይሁን። የቡናውን ምርት መሰብሰብና መሸጥ የአስተዳደር ሥራ ስለሆነ ጠቅላላ ውክልና ይበቃዋል። ቦታው የገጠር ይዞታ ከሆነ ግን መሬቱን ለመሸጥ የሚያስችል ውክልና ማንም ሊሰጥም ሊቀበልም አይችልም፤ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት እንዳይሸጥ ከልክሏል። ደላላ «ከውክልናው ላይ መሬቱንም ጨምሩበት» ቢል ወንድምዎ እምቢ ይበል።

አንድ ነገር ደግሞ ከልብ አስተውሉ። በአንቀጽ 2232 መሠረት ወካይ ሲሞት ውክልናው ይቀራል። እግዚአብሔር ዕድሜ ይስጣቸውና፣ እናትዎ ባረፉ ማግስት ወንድምዎ የእሳቸውን ውክልና ይዞ አንድ ፊርማ እንኳ ማኖር አይችልም። ከዚያ በኋላ መንገዱ በአንቀጽ 996 የወራሽነት ማስረጃ ማውጣት ነው። ይህን ባለማወቅ «ውክልናው ገና አልተሻረም» እያሉ በሞተ ሰው ስም የሚዋዋሉ ቤተሰቦች ለዓመታት ይካሰሳሉ።

ውክልናን መሻር

በአንቀጽ 2226 መሠረት ወካይ በፈለገ ጊዜ ውክልናውን መሻር ይችላል፤ ምክንያት መስጠት አይጠበቅበትም። «ሻርኩህ» ብሎ በስልክ መንገር ግን ሕጋዊ መሻሪያ አይደለም። መሻሪያውም እንደ ውክልናው በቆንስላ ወይም ከላይ በተናገርነው ሰንሰለት ተረጋግጦ መምጣት አለበት። ከዚያ ውክልናው በተመዘገበበት መስኮት፣ በከተማ አስተዳደሩ የይዞታ ክፍልና በባንኩ ይሰጥ፤ ዋናው የውክልና ወረቀትም ከተወካዩ እጅ ይመለስ። መሻሩን ሳያውቅ በቅንነት ከተወካዩ ጋር የተዋዋለ ሰው ሊጠበቅ ስለሚችል፣ ማሳወቁ ከመሻሩ እኩል ዋጋ አለው። የማብቂያ ቀን እንዲያስቀምጡ የመከርኩዎት ይህን ድካም ለማስቀረት ነው።

የቪዲዮው ቀን እስኪመጣ

በቪዲዮ ማረጋገጥ ለእኛም የሚመጣበት ቀን ሩቅ አይመስለኝም። የሕግ መሠረቱ እየተጣለ ነው። የኤሌክትሮኒክ ፊርማ አዋጅ ቁጥር 1072/2010፣ የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012፣ ፋይዳን ያቋቋመው የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284/2015 ወጥተዋል። ሰው በአካል ሳይቀርብ ማንነቱን ማረጋገጥ፣ ፊርማውም እንዳልተነካ ማሳየት በቴክኒክ ይቻላል። የቀረው ቆንስላው፣ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርና የክልሉ ሰነድ አረጋጋጭ አንድ መዝገብ እያዩ መሥራታቸው ነው። በዳላስ የተፈረመ ውክልና በዚያው ቀን በባሕር ዳሩ ባለሙያ ኮምፒዩተር ላይ ቢታይ፣ የተሻረ ውክልናም በዚያው ደቂቃ «ተሽሯል» የሚል ቢነበብበት ከማንኛውም ማኅተም በላይ ማጭበርበርን ይከላከላል። ኃላፊነቱ ያላቸው ሁሉ ለዚህ እንዲተጉ በአክብሮት አሳስባለሁ።

የወረቀቱ መንገድ ግን አይዘጋ። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ እንደነበር አንረሳም። በዚያ ጊዜ በፒዲኤፍ የተቀመጠ ሰነድ ለብዙዎች አይደርስም ነበር፤ በእጅ የነበረ ዋናው ወረቀት ግን ይሠራ ነበር። የርቀት አገልግሎት ሲመጣም ተረጋግጦ በእጅ የሚያዝ ቅጂ አብሮት መኖር አለበት።

አሁን የሚያደርጉትን በቅደም ተከተል ልንገርዎ። መጀመሪያ የመጀመሪያውን ውክልና ረቂቅ በአማርኛ ይጻፉና ለወንድምዎ ይላኩለት፤ ለዚህ ቴሌግራም ይበቃል። ወንድምዎ ረቂቁን ይዞ ባሕር ዳር ወዳለው ሰነድ አረጋጋጭና ወደ ከተማው የይዞታ ክፍል ይሂድና «ይህ ጽሑፍ፣ በዚህ ማኅተም ቢመጣ ጉዳዬን ትፈጽሙልኛላችሁ?» ብሎ ይጠይቅ። የሚጎድል ቃል ካለ እዚያው ይታረም። እርስዎ ደግሞ የኤምባሲውን ወቅታዊ መስፈርትና ክፍያ ይመልከቱ፤ ተንቀሳቃሽ አገልግሎት መቼ ዳላስ እንደሚመጣ ይጠይቁ። ከመጣ እዚያ ይፈርሙ፤ ካልመጣ በቴክሳስ ኖተሪ ጀምረው ሰንሰለቱን አንድ በአንድ ያሟሉ። ዋናውን ሰነድ በታመነ መልእክተኛ ወይም በፈጣን ፖስታ ይላኩ፤ ቅጂውን ያስቀሩ። መስኮቱ አስቀድሞ ያየውና የተስማማበት ጽሑፍ ሲደርስ ወንድምዎ በየቢሮው ሲመላለስ አይከርምም፤ እርስዎም በማያውቁት ቀን፣ በማያውቁት ሥልጣን ቤታችሁ ከእጃችሁ እንዳይወጣ አስቀድመው በሩን ዘግተዋል።